የዲማቲናግ ስም ባለቤቶች

በታብሲንግ መንደር «ዲማቲናግ» የሚባል ስም ያለው ሰው ጂፕኒ በሚሉት የሕዝብ መኪና ላይ በሰላም ተሳፍሮ አያውቅም። ረዳቱ ሰው ማጠጋጋት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጮኸው በእነሱ ላይ ነው። «አንተ የማይነቃነቀው፣ እስቲ ዛሬ እንኳ ትንሽ ተነቃነቅ!» ይላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። የስሙ ትርጉም ይኸው ነው፤ ቢገፉት ንቅንቅ የማይል ማለት ነው። መንደሩ ባለበት፣ ከማኒላ በስተደቡብ በሚገኘው በባታንጋስ አውራጃ እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል። የማይጎድል አለ፣ የማይናወጥ አለ፣ የማይሸነፍ አለ፤ ገበያ መሐል ድንጋይ ብትወረውር ከአንዳቸው ራስ ላይ ማረፉ አይቀርም። የማይነቃነቅ ግን አንድ ቤት ብቻ ነው።

በዚህ ነገር እንደ ሽማግሌው ሲሪያኮ የሚኮራ የለም። የመንደሩ ሰው ሁሉ «ሎሎ ሲሪያኮ» ይላቸዋል፤ በዕድሜ የሁሉም አያት ናቸውና፤ ሴት ስትሆን «ሎላ» ትባላለች። «ሳንቶስ የሚባል ሰውማ ከዛፍ ላይ ይረግፋል» ይላሉ። «ክሩዝ ብለህ ብትጠራ ውሻውም ዞር ይላል። ዲማቲናግ ብለህ ብትጠራ ግን የምዞረው እኔ ነኝ።» ማኒላ በሄዱ ቁጥር ከአንዱ ሱቅ ወፍራሙን የስልክ ማውጫ ለምነው ይገልጣሉ። ስሙን ፈልገው ሲያጡት ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፈገግ ብለው ማውጫውን ይመልሳሉ። ሌላው ሰው ዘመድ ሲያገኝ ይደሰታል፤ እሳቸው ሲያጡ ይደሰቱ ነበር።

እርግጥ ከባሕሩ ማዶ፣ ሚንዶሮ ደሴት ላይ፣ ጥቂት ዲማቲናጎች እንዳሉ ይወራል። ሰው ስለ እነሱ ሲያነሳባቸው ሎሎ ሲሪያኮ አጭር መልስ አላቸው። «እነዚያማ ተነቃንቀዋል» ይላሉ።

የስሙን ታሪክ የሚተርኩት ግን እሳቸው አይደሉም፤ ታላቅ እህታቸው ሎላ ሴፓ ናቸው። ሎላ ሴፓ አላገቡም፣ አልወለዱም። ሥራቸው ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ እየተገኙ የሙታንን ጸሎት መምራት ነው። ድምፃቸው አሁንም መስኮት ያንቀጠቅጣል። በበዓል ቀን ሰው ጠግቦ ሲደገፍ ጠብቀው፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ከዚያ ከስፔን ዘመን ይጀምራሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የስፔኑ ገዢ «ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ይያዝ» ብሎ ያዘዘ ጊዜ ከማኒላ የስም መጽሐፍ መጣ። ስሙ ለየከተማው ተከፋፍሎ ታደለ። ትናንት «የእከሊት ልጅ» ተብሎ ብቻ ይታወቅ የነበረ ዓሣ አጥማጅ፣ ዛሬ አይቶት የማያውቀውን የስፔን ከተማ ስም ተሸክሞ ቤቱ ገባ። የታብሲንግ ሹም ጋስፓር ግን «እኔ ስም አለኝ፤ ቅድመ አያቴም በዚሁ ነው የተጠራው» ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ከቅድመ አያቱ የወረደ ስም ያለው እንዲተውለት ሕጉም ይፈቅድ ነበር፤ ጸሐፊው ግን የሚያዳምጥ አልነበረም። ጋስፓር አልተነሳም። እንደ ሎላ ሴፓ አነጋገር ሳይበላ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ የኮኮናት አረቄው በደንብ ከተቀዳ ሳምንት ይሞላዋል። በመጨረሻ ጸሐፊው ሰለቸውና ተወለት። ጋስፓር ሁለት ልጆች ነበሩት። ቶሪቢዮ የሚባለው ተጣልቶ ወደ ሚንዶሮ ተሻገረ። ማርሴሎ የሚባለው ቀረ፤ የእነ ሎሎ ሲሪያኮ አያት እሱ ነው።

«የቀረነው እኛ ነን!» ብለው ይጨርሱታል ሎላ ሴፓ። ሎሎ ሲሪያኮም ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

የልጅ ልጃቸው ሊጋያ ከማኒላ መጥታ አጠገባቸው የተቀመጠች ቀን፣ ሎሎ መረብ እየጠገኑ ነበር።

«ሎሎ፣ እንዳይቆጡኝ» አለቻቸው።

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«የሚያገባኝ ሰው አግኝቻለሁ። የሚንዶሮ ልጅ ነው።»

«ይሁን እንግዲህ፤ ሚንዶሮም ሰው አይጠፋም። ስሙ ማነው?»

«ጆቪቶ።»

«ጆቪቶ ማን?»

ሊጋያ መረቡን መነካካት ጀመረች። «ለሥራ የጤና ምርመራ ልናደርግ ክሊኒክ ተሰልፈን ነበር። ነርሷ ‹ዲማቲናግ!› ብላ ስትጣራ ተነሳሁ። ከኋላዬ ደግሞ አንድ ልጅ ተነሳ። ሎሎ ይሙቱ፣ በሕይወቴ ስሜ ሲጠራ ሌላ ሰው ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ተፋጠጥን።»

«እና ማን ገባ?»

«አንቺ ግቢ ብሎ ተቀመጠ።»

«ገና ከመጀመሪያው ቦታውን ለቀቀ በይኛ!» አሉና ሳቁ።

ሊጋያ ቁጣ ጠብቃ ነበርና ሳቁን ማመን አቃታት። እናቷ ኩላሳ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። ነገሩን ቀድማ ሰምታ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነበር ያደረችው። «አባባ፣ እርስዎ ይስቃሉ እንጂ ነገሩ ቀላል አይደለም» አለች። «ልጅ ቢወልዱ በመሐል የእናቱን ቤት ስም፣ በመጨረሻ የአባቱን ይይዛል። ‹ዲማቲናግ ዲማቲናግ› ሊባል ነው? ትምህርት ቤት ሲገባ ‹ይሄ ልጅ አባት የለውም፣ ወይስ እናትና አባቱ የአክስት ልጆች ናቸው?› ነው የሚሉት።»

«ያሉትን ይበሉ» አሉ ሎሎ። «ሰዎቹ ይምጡና ይጠይቁን። እናያለን።»

እንዲህ የቀለላቸው ሁለቱ ሴቶች የማያውቁትን ስለሚያውቁ ነው። ከጃፓኖች ጦርነት በፊት፣ ሲሪያኮ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ አባታቸው የዘንባባ ክዳኑን እንቀይር ብለው ጣሪያ ላይ ይዘዋቸው ወጡ። ሥራው ሲጋመስ አባት ገመዱን አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ወደ ግቢው አዩ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ነገሯቸው። ማርሴሎ የጋስፓር ልጅ አልነበረም። በኮሌራ ዘመን፣ በበጋ እየመጡ ባሕሩ ዳር ጨው የሚያፈሉ ድሆች ነበሩ፤ ከየት እንደሚመጡ የጠየቀ አልነበረም። በሽታው በጥቂት ቀን ጠራርጎ ጨረሳቸው። ከእነሱ የተረፈ፣ ገና ድክ ድክ የሚል አንድ ሕፃን የጋስፓርን ቤት ደረጃ ይዞ ቆሞ ተገኘ። ሌላው ሰው በሽታውን ፈርቶ ሲሸሸው ጋስፓር አነሳው፤ አሳደገው፤ በስሙም አስጠመቀው። የሥጋ ልጁ ቶሪቢዮ ብቻ ነበር። ቶሪቢዮ ካደገ በኋላ አባቱ መሬቱን እኩል ሊያካፍል ሲነሳ ደሙ ፈላ፤ «ለጨው ሠሪ ልጅ!» ብሎ ጀልባ ላይ ወጣና በዚያው ቀረ። «ለበኩር ወንድ ልጅህ ብቻ ንገር» አሉ አባት፤ ገመዱን አንስተውም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሲሪያኮ ለበኩር ልጃቸው ዛሬ ነገ ሲሉ፣ እሱ፣ ማለትም የሊጋያ አባት፣ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደና ባሕር ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ሐዘኑ ሲበርድላቸው አንድ የማያኮራ ሐሳብ መጣላቸው፤ እኔ ስሞት አብሮኝ ይሞታል አሉ። ይህ ሐሳብ እያደር ተስማማቸው። በበዓል ቀን እህታቸው «የቀረነው እኛ ነን!» ሲሉ ራሳቸውን የሚነቀንቁት ይህን ሁሉ እያወቁ ነው።

ስለዚህ አሁን ያሰቡት ነገር ቀላል ነበር። ልጆቹ በደም እንደማይገናኙ እሳቸው ያውቃሉ፤ ኃጢአት የለበትም። ሌላው ሰው ደግሞ «አምስት ትውልድ አልፎታል» ብሎ ይተወዋል። ሊጋያ ታገባለች፤ ስሙም እንደተከበረ ይኖራል። ሁለቱንም ይዤ እወጣለሁ ብለው ነበር የተማመኑት።

እንግዶቹ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በመጀመሪያው ጀልባ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው እጁን አጣጥፎ አይመጣምና፣ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ በቀርከሃ ላይ ተሸክመው፣ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ በቅርጫት ይዘው፣ ጫማቸውን ከደረጃው ሥር ፈትተው ወጡ። ከፊት የልጁ አባት ፌርሚን ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ የብርቱካን እርሻ ያለው ሰው ነው። ጆቪቶ ከኋላው፣ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ላብ አጥልቆት ገባ።

«ግባ እንጂ የኔ ልጅ» አሉት ሎላ ሴፓ፤ ወዲያው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ እያዩ፣ «አሳማውን ነው የተሸከምከው ወይስ አሳማው አንተን?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጆቪቶም እፎይ አለ።

ምሳው ጥሩ ነበር። የአሳማው ቆዳ ጥርስ ላይ ይሰበራል፤ የኮኮናቱ አረቄ በአንድ ብርጭቆ ተራ በተራ ይዞራል። ስለ ዓሣ ተወራ፣ ስለ አውሎ ነፋሱ ተወራ። ልማዱ ነውና ማንም ቶሎ ወደ ጉዳዩ አልገባም። ሎሎ ሲሪያኮ ልባቸው ሞቆ፣ ነገሩ አለቀ ብለው፣ ለፌርሚን ከጎድኑ እየቆረጡ ያቀርቡለት ነበር።

በመጨረሻ ፌርሚን አፉን ጠርጎ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ሎሎ፣ ሎላ፣ ኩላሳም» አለ። «የመጣነው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስማችን አንድ መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን አባቴ የሚለው ትዝ አለኝ፤ ‹ባታንጋስ የቀረ ዘመድ የለንም፤ ቶሪቢዮ ወንድም አልነበረውም› ይለኝ ነበር። እንግዲያው ስም ገጥሞን እንጂ ዘመድ አይደለንም። ዘመድ አድርጉን ልንላችሁ ነው የመጣነው።»

ጥሩ አነጋገር ነበር። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሊጋያ በዚያው ደቂቃ ታጭታ ነበር። ነገር ግን ሎላ ሴፓ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱት።

«ምን አልክ አንተ? ቶሪቢዮ ወንድም አልነበረውም?»

«ሴፓ፣ ተይው» አሉ ሎሎ።

«አልተውም! አባትህ አይፈረድበትም፣ ልጄ። አባት ቤት ጥሎ የሄደ ሰው ‹ወንድም ነበረኝ› ብሎ ያወራል? ቶሪቢዮና ማርሴሎ የአንድ አባት፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጋስፓር ሲሞት ታቅፎ ዓይኑን የከደነለት ማርሴሎ ነው፤ መቃብሩ ይኸውና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በየዓመቱ ኖራ የምቀባው እኔ ነኝ!» ከዚያ ተነስተው ታሪኩን ከስፔን ዘመን ጀምረው ሙሉውን ተረኩት። ማንም አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱም ደስ ብሏቸው፣ እንግዳውን ዘመድ ያደረጉት መስሏቸው ተቀመጡ።

ፌርሚን በእጁ የያዘውን ቂጣ መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲያው ዘመዳሞች ነን» አለ።

«ታዲያስ!»

«እንግዲያው ይሄ ጋብቻ አይሆንም፣ ሎላ።»

«አባዬ…» አለ ጆቪቶ።

«ቆይ ልጄ።» ፌርሚን ወደ ሎሎ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቄሱ ሊፈቅድ ይችላል፤ አውቃለሁ። ግን ዳሊሳይ የምትባል እህት ነበረችኝ። በወጣትነቷ አንድ ሰው ወደደች፤ ከተራራው ወገን የሆነ፣ እሱም ዲማቲናግ ነበር። አባቴ ‹እኛ ጥቂት ነን፤ ስሙ አንድ ከሆነ ደሙ አንድ ነው› ብሎ ከለከላት። እኔም ከአባቴ ጋር ሆኜ ከለከልኳት። ሌላ ሰው ሳታገባ ቤታችን ውስጥ አረጀች። የዚህ ልጅ እናት ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። አምና ቀበርናት። ለእሷ የከለከልኩትን ለልጄ ብፈቅድ፣ መቃብሯ ላይ ሻማ ይዤ ስቆም ምን እላታለሁ?»

ሊጋያ ቀስ ብላ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ውሃው ሲፈስ ይሰማል፣ የሳህን ድምፅ ግን አይሰማም። ኩላሳ ልትከተላት ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ሎላ ሴፓ ያደረጉት ገና ያኔ ገባቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ሎሎ ሲሪያኮ ወጥ ቤቱን እንጂ እንግዶቹን ማየት አልቻሉም። ሊጋያን አባቷ ከሞተ ጀምሮ በጉልበታቸው ላይ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስታለቅስ ድምፅ እንደማታሰማ ያውቃሉ።

እንግዶቹ የጀልባው ሰዓት ደረሰ ብለው መተያየት ጀምረው ነበር። ፌርሚን ግን አልተነሳም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያዞረው ቆየና እንደገና ተናገረ።

«ሎሎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ስም የታደለ ጊዜ፣ ምናልባት የእኛ አያት ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሆኖ፣ ስሙ እንዲሁ ከመጽሐፉ ደርሶት እንደሆነስ? ወይም የሹሙን ስም ሰምቶ ወዶት ወስዶት እንደሆነስ? እናንተ ቤቱ አላችሁ፣ መቃብሩ አላችሁ። እኛ ያለን ወሬ ብቻ ነው። እርስዎ ‹ከእኛ አይደላችሁም፤ ስሙም የእናንተ አይደለም› ካሉኝ አምንዎታለሁ። አልቀየምም። ልጁ ደስ ካለው ስሙ የእኛ ባይሆን ምንም አይደለም።»

«ይሆናል እኮ!» አሉ ሎላ ሴፓ፤ ጥፋታቸውን የሚጠግን ነገር አገኙና ዓይናቸው በራ። «ለምን አይሆንም? ሌላ ቶሪቢዮ ሊሆን ይችላል! ሲሪያኮ፣ አባባ እንደዚያ አላለም እንዴ?»

ሁሉም ሎሎን አያቸው። ወጥ ቤት ውስጥ የውሃው ድምፅ ቆመ።

«አዎ» ቢሉ አለቀ። ሊጋያ ታገባለች፤ ስሙ በቤታቸው ይቀራል፤ እህታቸውም በሚቀጥለው በዓል ታሪኩን ይተርካሉ። ፌርሚንም እያመሰገነ ይሄዳል። የሚገርመው እሱ ነው፤ እያመሰገነ ነው የሚሄደው። የጋስፓር የሥጋ የልጅ የልጅ ልጅ፣ በጋስፓር ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ለልጁ ሲል ስሙን አውልቆ ሊያስረክባቸው እጁን ዘርግቷል፤ እሳቸው ይህን ሰው «ተነቃንቋል» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሾፉበት ኖረዋል። ሎሎ ሲሪያኮ ሐፍረት ከእግራቸው ጀምሮ ሲወርራቸው ተሰማቸው። አረቄውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት፤ ጠጥቶ ነው እንዲባል አልፈለጉም።

«ስሙ የአንተ ነው፣ ፌርሚን» አሉ። «የእኛ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ቶሪቢዮ በእርግጥም ወንድም አልነበረውም። አባትህ ልክ ነው። ማርሴሎ ጋስፓር ያሳደገው ልጅ ነው፤ ባሕሩ ዳር በኮሌራ ያለቁ የጨው ሠሪዎች ልጅ። አባታችን ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው የነገረኝ። ከደም የሚያገናኘን ጠብታ የለም። እህትህንም የሚያስቀይም ነገር የለም። ልጆቹን ተዋቸው ይጋቡ።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከተናገሩ በኋላ ወደ እህታቸው ማየት ፈሩ።

ሎላ ሴፓ መጀመሪያ ሳቁ። «ምን ይላል ይሄ ሰውዬ! ሰክረሃል?»

«አልሰከርኩም።»

«ውሸቴን ነው በል።»

«ሴፓ…»

«ለልጅቷ ብለህ ነው፤ አውቅሃለሁ። ለልጅቷ ብለህ ነው እንዲህ የምትለው!»

«ለልጅቷ ብዬማ ሌላውን ማለት እችል ነበር። ሰውየው አፌ ድረስ አምጥቶልኝ አልነበር?»

ይሄኔ ሎላ ሴፓ አመኑ። ፊታቸው ላይ ሳቁ እንዳለ ቀረና ቀስ በቀስ ከሰመ። ቀጥሎ የጠየቁት ነገር ሎሎ የጠበቁት አልነበረም።

«አባባ ለአንተ ነገረህ? ለኔ ሳይነግረኝ?»

«ለወንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ታላቅህ እኔ ነኝ እኮ» አሉ። «መቃብሩን ኖራ የምቀባው እኔ። ስሙን በየሰዉ ፊት የምጮኸው እኔ። አንተ እያወቅህ እየሰማኸኝ!»

ፌርሚን አንገቱን ደፍቷል። ያሸነፈ ሰው አይመስልም፤ የሌላ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሰበረ ይመስላል። «ሎላ፣ መቃብሩ የእናንተው ነው» አለ በዝግታ። «ከእኛ ወገን አንድ ሰው እንኳ ሣር ነቅሎለት አያውቅም። ማርሴሎን ያሳደገውም፣ ጋስፓርን የቀበረውም፣ ያው የእናንተ ሰው ነው።»

ሎላ ሴፓ የሰሙት አይመስልም። በመስኮቱ ወደ ባሕሩ እያዩ ነበር።

«እነዚያ ጨው ሠሪዎች» አሉ። «የት ነው የተቀበሩት?»

«ባሕሩ ዳር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው ይባላል» አሉ ሎሎ። «ቦታውን የሚያውቅ የለም።»

«ጸሎትስ?»

«ማን ያደርስላቸዋል? የፈራው ሁሉ ሸሽቶ ነበር።»

«እኔ በዚህ መንደር ጸሎት ያላደረስኩለት ሬሳ የለም» አሉ ሎላ ሴፓ። «ለሰካራሙ አድርሻለሁ። ሚስቱን ጥሎ ለጠፋው አድርሻለሁ። ለሰው አባት ስጸልይ ነው ያረጀሁት፤ የገዛ ሰዎቼ ይኸው እዚህ አፍንጫዬ ሥር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳይባልላቸው…» አልጨረሱትም። ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ከዚያ ከደረታቸው መቁጠሪያቸውን አወጡና፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ መስኮቱ ሥር ተንበረከኩ። ማንንም ተንበርከኩ አላሉም። መጀመሪያ ኩላሳ ከኋላቸው ተንበረከከች፤ ቀጥሎ ፌርሚን፤ ከዚያ እንግዶቹ ሁሉ። ሊጋያ ከወጥ ቤት እጇ እንደረጠበ ወጥታ ከጆቪቶ አጠገብ ሆነች። ሎሎ ሲሪያኮ ወገባቸውን ይዘው በመጨረሻ ወረዱ። ከሩቅ የጀልባው ጥሪ ተሰማ፤ ጫማውን ሊፈልግ የተነሳ አልነበረም።

ጸሎቱን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሎላ ሴፓ ይመራሉ፣ ሌላው ይቀበላል። በሚያውቁት ድምፃቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ የሟቹ ስም እስከሚጠራበት ቦታ ድረስ መጡ። «ዘላለማዊ ዕረፍትን ስጣቸው፣ ጌታ ሆይ፤ ለአገልጋዮችህ፣ ለ…» አሉና ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ቦታ ላይ ቆመው አያውቁም። ዞረው ወንድማቸውን አዩ። ሎሎ ሲሪያኮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የለም ማለታቸው ነው። የሰዎቹን ስም አባታቸውም አያውቁትም ነበር፤ ሕፃኑም ሊናገር አይችልም ነበር።

ሎላ ሴፓ አፋቸውን ከፍተው ሁለቴ ሞከሩና ቃል አልወጣ አላቸው።

«ዲማቲናግ ይበሏቸው፣ ሎላ» አለ ፌርሚን ከኋላቸው።

ሎላ ሴፓ መልሰው ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ ስሙንም ጠሩላቸው።